ማርጋሬት ናይስና የጓሮዋ ድንቢጦች

ከምግብ አዳራሻችን ጀርባ ፍርፋሪ የሚለቅሙትን ድንቢጦች ያላየ ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ አይገኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ሠላሳ አርባ ሆነው ይወርዳሉ፤ ለቃቅመው ሲጨርሱ ብር ብለው ይሄዳሉ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሳ እኛም አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። ከመካከላቸው አንዷን መርጠን ዓይናችንን ሳንነቅል ልንከተላት ወሰንን። ምን ያደርጋል፣ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳንቆይ ጠፋችብን። አንዷ ከሌላዋ በምን ትለያለች? ትናንት ከደረጃው ሥር ስትለቅም የነበረችው ዛሬም መጥታ እንደሆነ፣ ወይስ የዛሬዋ ሌላ እንደሆነች ማን ይናገራል?

ይህን ጥያቄ ከልቧ ይዛ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትከታተል የኖረች አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ማርጋሬት ሞርስ ናይስ ይባላል፤ አገሯ አሜሪካ ነው። በወፎች ጥናት ዓለም እጅግ የታወቀች ናት። የዶክትሬት ዲግሪ ግን አልነበራትም። ቤተ ሙከራም ሆነ ደመወዝ የሚከፍላት መሥሪያ ቤት አልነበራትም። የነበራት አንድ ጓሮ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ መነጽርና አምስት የወለደቻቸው ሴቶች ልጆች ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን፣ ክረምት ስንልም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ በረዶ የሚወርድበትን የዚያን አገር የብርድ ወራት ማለታችን መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

ማርጋሬት የተወለደችው በዲሴምበር 6 ቀን 1883 ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት፣ አምኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ በዚያው በአምኸርስት ኮሌጅ የታሪክ መምህር ነበሩ። ቤተሰቡ ሰፊ የአትክልት ቦታ ስለነበረው ልጆቹ ያደጉት አፈር እየነኩና በዱር በገደሉ እየተንሸራሸሩ ነው። በ1895 የገና በዓል የወፎች ሥዕል በቀለም ያለበት መጽሐፍ ተሰጣት። ከዚያ በኋላ ሌላ ስጦታ አላማራትም ለማለት ይቻላል፤ በሽምግልናዋ ዘመን እንኳን ስለዚያ መጽሐፍ ስታወራ ትላንት የተቀበለችው ይመስል ነበር። ያየችውን ወፍ መመዝገብ የጀመረችውም ገና በልጅነቷ ነው።

በ1901 ማውንት ሆልዮክ ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ገባች። መጀመሪያ የተማረችው ቋንቋ ነበር። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ መማሯ ኋላ ምን ያህል እንደሚጠቅማት ያን ጊዜ የሚገምት አልነበረም። በ1906 ተመረቀች። ከዚያስ? ከዚያማ ወላጆቿ ያሰቡላት ቤት ተቀምጣ እናቷን እንድታግዝ ነው። የተማረች ልጅ ናት፣ ጨዋ ቤተሰብ ናት፣ ሌላ ምን ያስፈልጋታል የሚል አስተሳሰብ ነበረ። ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አንባብያን፣ በተለይም ለእኅቶቻችን እንግዳ አይሆንም። ማርጋሬት በዚህ ሁኔታ እየተከፋች አንድ ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ፣ ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር መጥተው ሲያስተምሩ ሰማች። ስለ ሕያው ፍጥረት፣ በዓይን ስለሚታየው ነገር የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በ1907 ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ሄደች።

በዚያ የተሰጣት ጥናት ድርጭት የምትመስል አንዲት የሜዳ ወፍ ምን እንደምትበላ ማወቅ ነው። ዘዴው ቀላል፣ ሥራው ግን አድካሚ ነበር። ወፎቹን እያሳደጉ፣ ነፍሳትና የአረም ዘር እየሰጡ፣ አንድ በአንድ እየቆጠሩ መመዝገብ ነው። በ1910 ያሳተመችው ጽሑፍ ያቺ ወፍ አዝመራ የሚያበላሹ ነፍሳትንና የአረም ዘርን በብዛት በመብላት ለገበሬው ወዳጅ መሆኗን አሳየ። በወፍና በምግቧ መካከል ያለውን ግንኙነት በቁጥር ማስረዳትን ማርጋሬት የተማረችው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ የዶክትሬቱ ነገር በዚያው ቀረ። በ1909 አብሯት ይማር የነበረውን ብሌን ናይስን አገባች። እርሱ የሥነ ሰውነት ምሁር ሆኖ ትምህርቱን ሲቀጥል እርሷ ቤት ያዘች። በ1913 ባልየው በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስላገኘ ኖርማን ወደምትባለው ከተማ ተዛወሩ። ልጆች በላይ በላዩ ተወለዱ። ለባልየው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በሚስቱ ሥራ የሚቀና ወይም የሚያደናቅፍ ሰው አልነበረም። ኋላ አብሯት ወፍ ቆጥሯል፣ አብሯት መጽሐፍ አሳትሟል። ቢሆንም ልብሱ የሚታጠበው፣ ወጡ የሚሠራው፣ ልጅ የሚታጠበው በማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ እኛን መምህራንንና እጩ መምህራንን የሚመለከት ነገር አለ። ማርጋሬት ከቤት መውጣት ባትችልም ደብተሯን አልጣለችም። ወፍ የሚታይበት ጊዜ ሲጠፋ የገዛ ልጆቿን ማጥናት ጀመረች! ልጅቱ ዛሬ ስንት ቃል ታውቃለች? የትኛውን ቃል መቼ፣ በምን ምክንያት ጀመረች? ዐረፍተ ነገሯ ስንት ቃል ይዟል? ይህን ሁሉ ዕለት ዕለት ትመዘግብ ነበር። በ1915 ስለ አንድ ሕፃን የቃላት እድገትና ስለ አካባቢው ግንኙነት የጻፈችው ጥናት ታተመ። ከዚያ በኋላም በዚሁ ጉዳይ በርካታ ጽሑፎች አውጥታለች። በተለይም በ1925 አንድ የትምህርት ሥነ ልቦና መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፏ የሕፃን ንግግር እድገት በሚናገረው ዐረፍተ ነገር ርዝመት ሊለካ እንደሚችል ሐሳብ ያቀረበ ነው። የቃላቱን ብዛት አማካይ እያወጡ የልጅን ንግግር መለካት በሥነ ልቦና ትምህርት ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ነው። የዚህ ዘዴ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ የወፍ ሰው መሆኗን ስንሰማ እኛም ተገርመናል።

ነገር ግን ልቧ አላረፈም ነበር። ዓመታቱ እየነጎዱ ሲሄዱ፣ የቤት ሥራው እየተቆለለ ሲመጣ፣ ራሷን ያጣች ያህል ይሰማት ጀመር። ልጆቿን ትወዳለች፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። ነገር ግን የተማረችው፣ የምታውቀው፣ የምትወደው ነገር ሁሉ በሳሙና አረፋ ሥር ተቀብሮ የቀረ መሰላት። በ1919 በጋ ኖርማን አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ዳር ብቻዋን ስትሄድ በውስጧ አንድ ነገር ተለወጠ። ወደ ልጅነት ፍቅሯ፣ ወደ ወፎቹ ለመመለስ ቆረጠች።

ምክንያት የሆናትም ብዙ አልቆየም። በዚያው ወቅት በጋዜጣ አንድ ሐሳብ ቀርቦ አነበበች። ይኸውም ርግቦች በኦገስት ወር ጫጩቶቻቸውን አሳድገው ስለሚጨርሱ የአደን ጊዜያቸው ወደ ኦገስት ቢመጣ ጉዳት የለውም የሚል ነው። ማርጋሬት ይህን ስታነብ ነገሩ አልዋጥ አላት። ልጆቿን አስከትላ በየመንደሩና በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዛፎች ላይ የርግብ ጎጆ ፍለጋ ተሰማራች። በሴፕቴምበር ውስጥ ገና የታቀፉ ርግቦች ተገኙ፤ በኦክቶበርም ጫጩት ያለባቸው ጎጆዎች ነበሩ። እናትና አባት በኦገስት ቢገደሉ እነዚያ ጫጩቶች በጎጆአቸው በረሃብ ማለቃቸው ነበር። አንድ ባለሥልጣን በግምት የተናገረውን አንዲት እናት በመቁጠር አፈረሰችው። ጥናቷም በወፍ ምሁራን መጽሔት ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያቆማት አልተገኘም። ቤተሰቡ አሮጌ መኪናና ድንኳን ይዞ ኦክላሆማን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። ሕፃናቱ ከኋላ ተጭነው፣ ድስቱ እየተንኳኳ፣ አቧራው እየተነነ፣ በየመንገዱ ወፍ ይቆጠራል። በ1924 ባልና ሚስት በጋራ ሆነው ስለ ግዛቲቱ ወፎች መጽሐፍ አወጡ። በ1931 ተሻሽሎ በድጋሚ ታተመ።

በ1927 ባልየው ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስለተዛወረ ኮለምበስ ወደምትባለው ከተማ ገቡ። በዚህች ከተማ ብዙም ሳይቆዩ አራተኛ ልጃቸው በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። ስለዚህ ኀዘን ብዙ ለመጻፍ አንደፍርም። የምናውቀው፣ በሚቀጥለው የጸደይ ወራት እናትየው በየጧቱ ከቤቱ አጠገብ ወዳለው ጥሻ መውረድ መጀመሯን ነው።

ቦታው ኦለንታንጂ ከሚባለው ወንዝ ዳር ያለ፣ አረምና ቁጥቋጦ የወረሰው፣ ጎርፍ የሚገባበት መሬት ነበር። ሌላ ሰው ቢያየው ቆሻሻ ስፍራ ነው ብሎ ያልፋል። ማርጋሬት ግን በሁለት ድልድዮች መካከል በመሆኑ በላቲን ቋንቋ ኢንተርፖንት የሚል ስም አወጣችለት። በዚህ ጥሻና በጓሮዋ የምትኖረው ወፍ ዘማሪ ድንቢጥ ትባላለች። ቡናማ ናት፤ ደረቷ ላይ ጥቁር መስመሮች ተሰብስበው መካከሉ ላይ ነጥብ ይሠራሉ። በነገራችን ላይ ስሟ ድንቢጥ ይባል እንጂ ከእኛዋ ድንቢጥ ጋር የአንድ ቤተሰብ አይደለችም። እጅግ ተራ፣ በየአጥሩ የምትገኝ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ወፍ ናት። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። እኛ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ የገጠመን ችግር እሷንም ገጥሟታል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀለበት ሆነ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ወፍ ለሚያጠኑ ሰዎች ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የአሉሚኒየም ቀለበት ያድል ነበር። በወፏ እግር ላይ ይገባና ወፏ ሌላ ቦታ ብትያዝ ወይም ሞታ ብትገኝ ቁጥሩ ይነበባል። ጉድለቱ ግን ቁጥሩን ለማንበብ ወፏን መያዝ ማስፈለጉ ነው። ማርጋሬት በዚህ ላይ ባለቀለም የሴሉሎይድ ቀለበቶች ጨመረችበት። እንበል አንዱ ወፍ በቀኝ እግሩ ቀይ፣ በግራው ሰማያዊ ቢኖረው፣ ሌላው ደግሞ ቀለሙ ቢገላበጥ፣ ከሩቅ በመነጽር አይታ እገሌ ነው ለማለት ትችላለች። ለመያዝ የምትጠቀመውም ያው ምግብ ነው። እህል ያለበት የሽቦ ወጥመድ ጓሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወፏ ልትለቅም ስትገባ ይዘጋል፤ ቀለበት ይደረግላትና ላባዋ ሳይነካ ትለቀቃለች። ብዙዎቹ ይህን ያህል አልደነገጡም፤ በማግስቱ ለዚያው እህል ተመልሰው የሚገቡ ነበሩ።

በማርች 26 ቀን 1928 የመጀመሪያውን ወንድ ድንቢጥ ቀለበት አደረገችለት። ስሙን ኡኖ አለችው፤ አንድ ማለት ነው። ሚስቱንም ኡና አለቻት። በሚቀጥለው ዓመት መባቻ ላይ ሌላ ወንድ መጣና ኡኖ ያዝኩት ከሚለው መሬት ቆርሶ ልውሰድ አለ። ይህን ወንድ 4ኤም ብላ መዘገበችው። አራተኛው ወንድ እንደማለት ነው። ያን ዕለት ያየችው ጠብ የሕይወቷን አቅጣጫ ወሰነው።

ጠቡን ለአንባቢ ብንተርክ ደስ ይለናል። መጤው ላባውን ነፍቶ ኳስ ያክላል፤ አንዱን ክንፉን ወደ ላይ አንሥቶ ያርገበግባል፤ በለሆሳስ ይዘምራል። ባለ መሬቱ ግን አይዘምርም። አንገቱን ሰብሮ፣ ዝም ብሎ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይከተለዋል። ከዚያ ማባረር ይሆናል። መጤው ሄዶ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም መሬት ላይ ወርደው ይቧቀሳሉ። ከተቧቀሱ በኋላ እያንዳንዱ ወደየዛፉ ይመለስና ጮክ ብሎ ይዘምራል። ድንበር ተካለለ ማለት ነው! የአገራችን ገበሬ የድንበር ጠብ ትዝ ያለው ቢኖር አይፈረድበትም። ማርጋሬት ይህ ሥርዓት በሌሎቹም ወንዶች ዘንድ እንዲሁ እንደሚደጋገም ተመለከተች። የወፍ ዝማሬ ለደስታ ብቻ የሚወጣ ድምፅ አለመሆኑን፣ ይህ መሬት ተይዟል የሚል ማስታወቂያም መሆኑን በዓይኗ ያየችውን እየቆጠረች አስረዳች።

አራቱን ወቅቶች በዚህ ዓይነት ተከታተለቻቸው። በክረምት በረዶው መሬቱን ሲሸፍነው ድንቢጦቹ የአረም ዘር ይለቅማሉ፤ እሱም ሲጠፋ ጓሮ ወደተበተነው እህል ይመጣሉ። ታዲያ የሚመጡት ሁሉም አይደሉም። ቀለበቱ ያስረዳው አንዱ ትልቅ ነገር ይህ ነው። ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ክረምቱን እዚያው ሲያሳልፉ ሌሎቹ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ግን አብዛኞቹ ሂያጆች ናቸው። ይህ ወፍ ስደተኛ ነው፣ ይህኛው ነዋሪ ነው ብለው ጨርሰው ለነበሩት ምሁራን ነገሩ ዱብ ዕዳ ሆነ። በአንድ አጥር ሥር የሚኖሩ፣ በመልክ የማይለዩ ጎረቤታሞች አንዱ ሂያጅ አንዱ ቀሪ ሆነው ተገኙ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሞቅ ያለ ቀን ሲመጣ ቀሪዎቹ ወንዶች ዝማሬ ይጀምራሉ። በማርች ሂያጆቹ ተመልሰው እያንዳንዱ የዓምና መሬቱን ይይዛል። ሴቶቹም ይደርሳሉ። በኤፕሪል ሴቷ ጎጆ ትሠራለች፤ ጸደዩ ሞቃት ከሆነ እንቁላሉ ቀደም ይላል፤ ከቀዘቀዘ ይዘገያል። ማርጋሬት ይህንን የየዓመቱን ሙቀት ከእንቁላሉ ቀን ጋር እያነጻጸረች አሳይታለች። የምትታቀፈው ሴቷ ብቻ ስትሆን አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ቀን ይፈጅባታል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ግን አባትየውም ትል እያመላለሰ ያበላል። ዘር የለመዱት ወላጆች ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡት ነፍሳት ነው። በአሥር ቀን ገደማ ከጎጆ ይወጣሉ፤ አንድ ወር ሲሞላቸው ራሳቸውን ይችላሉ። በዚህ መካከል የሚያልቀው ግን ብዙ ነው። እባብ አለ፣ ድመት አለ፣ አይጥ አለ፣ ጎርፍ አለ። ጎጆ የማትሠራና እንቁላሏን በድንቢጧ ጎጆ ጥላ የምትሄድ ሌላ ወፍም አለች፤ ድንቢጧ የባዕድ ልጅ ታሳድጋለች። ማርጋሬት የጠፋውንም የተረፈውንም ቆጠረች። አንዲት ድንቢጥ ምን ያህል ዕድሜ ትኖራለች፣ ከመቶ ጫጩት ስንቱ ተመልሶ ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከግምት ወጥቶ በቁጥር የተመለሰው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ባልና ሚስት ወፎች ዕድሜ ልካቸውን አይለያዩም የሚለው የተለመደ ወግ በቀለበቱ ፊት አልቆመም። ወንዱ ወደዚያው መሬት ይመለሳል፤ ሴቷ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ናት። ቀለበት የሌለው ተመልካች ቢሆን ኖሮ ያው ባልና ሚስት ተመልሰው መጡ ብሎ ይደሰት ነበር። እኛም ብንሆን እንዲያ ነበር የምንለው።

ከሁሉም በላይ የወደደችው 4ኤምን ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ በዚያው መሬት፣ በዚያው ዛፍ ላይ ያገኘችው ነበር። እያንዳንዱ ወንድ የራሱ የሆኑ የዜማ ዓይነቶች እንዳሉት፣ ልጅም የአባቱን ዜማ እንደማይወርስ የተረዳችው እንደ 4ኤም ያሉትን አንድ በአንድ በማዳመጥ ነው። በሜይ 11 ቀን 1935 ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። 4ኤም አፉን ሲከፍት መቁጠር ጀመረች፤ ጨለማ ሲወርድ ዘግቶ እስኪተኛ ድረስ ቆጠረች። በአንድ ቀን 2,305 ጊዜ ዘመረ። ያን ጊዜ ድንቢጡ ለዓይነቱ ሽማግሌ ነበረ። ከዚያ ዓመት በኋላ አልታየም።

ኢንተርፖንትም እንደነበረ አልቆየም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጡ ሰዎች አትክልት እንዲያለሙበት ቁጥቋጦው ተመንጥሮ መሬቱ ታረሰ፤ የድንቢጦቹም ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄደ። ሰው ርቦት ሳለ ድንቢጥ ይቅደም የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ሆኖም የመሬቱን ቁጥቋጦና የወፎቹን ቁጥር አብራ በመመዝገቧ፣ መኖሪያ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሰነድ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሥራ በአገሯ በቶሎ ሰሚ አላገኘም። ጥናቱ ረዥም ነው፣ ድንቢጧም ተራ ናት። በ1931 ከጀርመን የመጣው ወጣቱ ምሁር ኤርንስት ማየር በአንድ የወፍ ምሁራን ስብሰባ ላይ አገኛትና ትልቅ ነገር በእጇ እንዳለ ተረዳ። ጀርመንኛ ማወቋ እዚህ ላይ ጠቀመ። በ1933 እና በ1934 የድንቢጧ ታሪክ በሰፊው የታተመው በርሊን ላይ፣ በጀርመን የወፎች መጽሔት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ትልቁ መጽሐፏ የመጀመሪያው ክፍል በ1937፣ ሁለተኛው በ1943 ኒው ዮርክ ላይ ወጣ። ለሰፊው አንባቢ የጻፈችው ደግሞ በ1939 ታተመ። በ1938 አውስትሪያ ድረስ ሄዳ ኮንራድ ሎሬንዝ ዘንድ አንድ ወር ያህል ተቀምጣ ከእንቁላል የወጡ ጫጩቶችን በእጇ እያጎረሰች አሳድጋለች። ይህ ሰው በ1973 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው። በዚያው በ1938 የዊልሰን የወፎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች፤ በአሜሪካ ታላላቅ የወፎች ማኅበራት ታሪክ ይህን ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1942 የአሜሪካ የወፍ ምሁራን ማኅበር የብሩስተር ሜዳይ ተሰጣት። ይህን ሁሉ አግኝታ እንኳን አንዲት የቤት እመቤት በትርፍ ጊዜዋ ያደረገችው ነው የሚሉ ነበሩ። ይህ አባባል እጅግ ያናድዳት ነበር። የተማረች የሥነ እንስሳት ሰው ነኝ ብላ ትከራከር ነበር፤ ልክም ነበረች።

ቤተሰቡ በ1936 ወደ ቺካጎ ተዛውሯል። እዚያ ጥሻ የለም፣ የኮለምበሱ ዓይነት ጓሮም የለም። ድንቢጥ ስታጣ ወደ ወረቀት ዞረች። ኤውሮፓ ውስጥ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚወጡትን የወፍ ጥናቶች እያነበበች፣ ፍሬ ነገሩን በእንግሊዝኛ እያሳጠረች ለአገሯ ተመራማሪዎች አቀረበች። እንዲህ ያሉት አጫጭር ግምገማዎቿ ከ3,000 በላይ ናቸው። ይህ ሥራ ስም አያስጠራም፤ የአንድ አገር ምሁራን የሌላውን አገር ሥራ እንዲያውቁ ያደረገ ድልድይ ግን ነው።

በጁን 26 ቀን 1974 ቺካጎ ላይ በዘጠና ዓመቷ አረፈች። ባልየው ከእርሷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር።

በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ የነበረው የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ወንዶችን ብቻ ነበር የሚቀበለው። በ1952 የከተማዋ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በማርጋሬት ናይስ ስም ሰየሙት። የሕይወት ታሪኳን ራሷ ጽፋ ትታ ነበርና፣ በነዚሁ ሴቶች ጥረት በ1979 ቶሮንቶ ላይ ታተመ።